ያልተሸጠው ሱቅ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለመዛግብትና ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር




በበዓል ቀን ማዕድ ቀርቦ ቤተ ሰብ ሲሰበሰብ፣ ከተገኘው ሰው ይልቅ የጎደለውን መቁጠር የሰው ልብ ጠባይ ነው። ዳቦው ሳይቆረስ፣ ቡናውም ሳይቀዳ፣ ከአንዲት እናት አፍ የአንድ ሰው ስም ይወጣል፤ ከዚያም ለጥቂት ጊዜ ዝምታ ይሆናል። የተነሣው የሟች ስም እንደ ሆነ «ነፍስ ይማር» ተብሎ ጨዋታው ይቀጥላል። ይሙት ይኑር ያልታወቀ ሰው ስም ሲሆን ግን የሚባለው ቃል ይጠፋል። ለሞተው ተዝካር አለው፤ ርቆ ለሄደው ደብዳቤ አለው፤ ለጠፋው ግን ወግም ሥርዓትም አልተሠራለትም።

በልዩ ልዩ አገር የሚገኙ የፊልም አዘጋጆች ለበዓል ሰሞን ከሚያቀርቧቸው ታሪኮች መካከል፣ የጠፋ ዘመድ የሚገናኝበት ታሪክ ተመልካች የማያጣው ምናልባት ስለዚህ ይሆናል። በቤቱ ውስጥ ያልተሞላው ቦታ ለሁለት ሰዓት ያህል በሸራው ላይ ሲሞላ ለማየት ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ይገባል፤ አልቅሶም ይወጣል።

ከእንዲህ ያሉት ፊልሞች አንዱ በደቡብ ኮርያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 17 ቀን 2014 ለሕዝብ የቀረበው ነው። በአገሩ ቋንቋ «ጉክጄ ሲጃንግ» ይባላል፤ ትርጉሙም «ዓለም አቀፍ ገበያ» ማለት ሲሆን፣ ቡሳን በተባለችው የወደብ ከተማ የሚገኝ የታወቀ ገበያ ስም ነው። ፊልሙን ያዘጋጁት ዩን ጄ ክዩን ናቸው፤ ዶክ ሱ የተባለውን ዋና ሰው ሆነው የተጫወቱት ደግሞ ህዋንግ ጁንግ ሚን ናቸው። ለገናና ለአዲስ ዓመት ሰሞን የወጣው ይህ ፊልም፣ የሕዝቧ ቁጥር 50 ሚሊዮን ያህል በሆነ አገር ከ14 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተሸጦለታል።

ሐያስያን ፊልሙን አሞግሰውታል፤ ነቅፈውታልም። የነቀፉት ሰዎች፣ አባቶች የደከሙበትን ዘመን ሲያወድስ በዚያው ዘመን የነበረውን የፖለቲካ ጭቆና አልፎታል ይላሉ። ይህ ክርክር ተገቢ ክርክር ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ፊልሙ በመዝገብ ጠባቂ ዓይን ሲታይ፣ ተመልካቹ በእንባው ውስጥ ሳያስተውል የሚያልፈው አንድ ቁም ነገር ይገኝበታል። ይኸውም ሰው ከጠፋበት ዘመዱ ጋር የሚገናኘው በዕድል ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ሰው በአንድ ቦታ አንዲት ትንሽ ምልክት ሳያጠፋ ስለ ጠበቀ መሆኑ ነው።

በሁንግናም ወደብ

የታሪኩ መነሻ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1950 ነው። የኮርያ ጦርነት ከተጀመረ ስድስት ወር ሆኖታል። የቻይና ሠራዊት ከሰሜን እየገፋ ስለ መጣ፣ በሰሜን ምሥራቅ የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ጦር ከሁንግናም ወደብ በመርከብ እንዲወጣ ታዘዘ። ከጦሩ ኋላ መሸሽ የፈለገ ሕዝብ በብርድና በበረዶ ወደቡን ሞላው። በመጨረሻ 100,000 ያህል ወታደርና 100,000 ያህል ስደተኛ ከዚያ ወደብ ወጥቷል።

ከመርከቦቹ ሁሉ ስሟ በይበልጥ የቀረው ሜሬዲት ቪክቶሪ የተባለችው የጭነት መርከብ ናት። ከሠራተኞቿ ሌላ ለ12 መንገደኞች ብቻ የሚሆን ማረፊያ ነበራት። አዛዧ ካፒቴን ሌናርድ ላሩ ግን የሚችለው ሁሉ እንዲገባ ፈቀዱ፤ 14,000 ያህል ሰው በጭነት ክፍሎቿና በመድረኳ ላይ ተጠጋግቶ ቆመ። መርከቧ ዲሴምበር 23 ቀን ወደቡን ለቀቀች፤ በማግሥቱ ቡሳን ስትደርስ ከተማዪቱ በስደተኛ ተሞልታ ስለ ነበር ወደ ጎጄ ደሴት እንድታልፍ ተነገራት። በገና ቀን ከደሴቲቱ ደረሰች። በጉዞው ላይ አምስት ሕፃናት ተወለዱ። ካፒቴን ላሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የባሕር ሥራቸውን ትተው በአሜሪካ በአንድ ገዳም መነኰሱ።

ፊልሙ የሚጀምረውን መለያየት ከዚህ እውነተኛ ታሪክ ውስጥ ያስገባል። ትንሹ ዶክ ሱ ታናሽ እኅቱን ማክ ሱንን በጀርባው አዝሎ በመርከቧ ጎን በተዘረጋው መረብ ላይ ይወጣል። ሰው በሰው ላይ ሲረባረብ ሕፃኒቱ ከጀርባው ተነጥቃ ትወድቃለች። አባቱ ሊፈልጋት ተመልሶ ይወርዳል። ከመውረዱ በፊት ካፖርቱን ለልጁ አልብሶ፣ እርሱ በሌለበት ጊዜ የቤቱ አባወራ ዶክ ሱ መሆኑን ይነግረዋል፤ በቡሳን ገበያ ወደምትገኘው ወደ አክስቱ ሱቅ እንዲሄዱም ያዛል። መርከቧ ትንቀሳቀሳለች፤ አባትና ሴት ልጅ በወዲያኛው ዳር ይቀራሉ።

እዚህ ላይ የመዝገብ ባለሙያ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል። አባትዮው ለልጁ የሰጠው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ማዕርግ ነው፤ ሁለተኛው አድራሻ ነው። ተመልካቹ የሚያስታውሰው ማዕርጉን ነው፤ የታሪኩን ሸክም የሚሸከመው ግን አድራሻው ነው።

ሱቁ እንደ አድራሻ

በጦርነቱ ዘመን ቡሳን የመላው አገር ስደተኛ የተጠራቀመባት ከተማ ነበረች። በሽሽት ላይ የነበሩ ቤተ ሰቦች «ብንጠፋፋ ቡሳን፣ በዮንግዶ ድልድይ ላይ እንገናኝ» እየተባባሉ ይለያዩ እንደ ነበር በሰፊው ይነገራል። ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ1934 የተከፈተ ሲሆን፣ ከተማዪቱን አይቶ የማያውቅ የገጠር ሰው እንኳ ስሙን ሰምቶት ነበር። ስለዚህ ሰዎች ከድልድዩ ሥር እየቆሙ ቀናትንና ሳምንታትን አሳለፉ፤ የዘመዶቻቸውንም ስም በወረቀት እየጻፉ ለጠፉ። ድልድዩ መተላለፊያ መሆኑ ቀርቶ መዝገብ ሆነ ማለት ይቻላል።

ለዶክ ሱ ድልድዩ ያ ሱቅ ነው። በኋላ ታናሽ ወንድሙን ለማስተማር ወደ ምዕራብ ጀርመን ሄዶ በከሰል ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ይሠራል፤ እዚያም ለነርስነት ሥራ ከሄደች ከአገሩ ልጅ ጋር ይተዋወቃል፤ በኋላም ያገባታል። ፊልሙ በዚህ እውነተኛ ታሪክ ተከትሏል፤ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሺሕ የሚቆጠሩ ኮርያውያን ማዕድን ቆፋሪዎችና ነርሶች ወደ ጀርመን ተልከዋልና። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ አክስቱ ስትሞት ሱቁ ሊሸጥ ይሆናል። የመርከብ ካፒቴን መሆን የልጅነት ምኞቱ ነበር፤ ይህን ምኞት ትቶ፣ ሱቁን ለመግዛትና እኅቱን ለመዳር የሚሆን ገንዘብ ፍለጋ ጦርነት ላይ ወደ ነበረችው ቬትናም ይሄዳል፤ እግሩ ቆስሎ ይመለሳል።

በእርጅናው ዘመን ልጆቹ ሱቁን እንዲሸጥ ይመክሩታል፤ ጎረቤት ነጋዴዎች ይጨቃጨቁታል፤ እርሱ ግን እንቢ ይላል። የሱቁን ስም እንኳ አይለውጥም። ሰው ሁሉ ግትር ሽማግሌ ይለዋል። ምክንያቱን ለማንም አያስረዳም፤ ተመልካቹ ግን ቀስ በቀስ ይገባዋል። አባቱ በሕይወት ካለ የሚያውቀው አድራሻ ያ ብቻ ነው። ሱቁ ከተሸጠ፣ ስሙም ከተለወጠ፣ የሚመጣው ሰው የሚያንኳኳው በር አይኖረውም።

በዚህ ጉባኤ የተገኙ ባልደረቦች ይህን ሽማግሌ ሳያውቁት አይቀሩም። ማንም የማይጠይቀውን የቆየ መዝገብ «ቦታ አጣበበ» ተብሎ እንዲቃጠል ሲታዘዝ «ይቆይ» የሚል፣ ስለ እንቢታውም የሚያስረዳው ቃል አጥሮት የሚወቀስ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አለ። የዶክ ሱ ግትርነትና የዚህ ሰው ግትርነት አንድ ዓይነት ነው።

የ138 ቀን ስርጭት

የፊልሙ ጫፍ እ.ኤ.አ. በ1983 ይደርሳል። ይህ ክፍል በፊልም ሠሪው የተፈጠረ ሳይሆን፣ በእርግጥ የሆነውን የሚከተል ነው።

የኮርያ የብሮድካስት ድርጅት ኬ.ቢ.ኤስ. በዚያው ዓመት በጁን 30 ቀን ማታ፣ የጦርነቱን መታሰቢያ ምክንያት በማድረግ የተለያዩ ቤተ ሰቦችን የሚያፈላልግ የቀጥታ ዝግጅት ጀመረ። የታሰበው ለ95 ደቂቃ ብቻ ነበር። ሕዝቡ ግን ወደ ድርጅቱ ሕንፃ ጎረፈ። ዝግጅቱ ሌሊቱን ቀጠለ፤ በማግሥቱም ቀጠለ፤ እስከ ኖቬምበር 14 ቀንም አላበቃም። በ138 ቀናት ውስጥ 453 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ተሰራጨ። 100,952 ማመልከቻ ቀረበ፤ 53,536 ጉዳዮች በስርጭቱ ላይ ቀረቡ፤ 10,189 ግንኙነቶች ተፈጸሙ። በሴውል ዮኢዶ የሚገኘው የድርጅቱ ሕንፃ ግድግዳና በአቅራቢያው ያለው አደባባይ ስም፣ የትውልድ መንደርና የመለያየት ታሪክ በተጻፈባቸው ወረቀቶች ተሸፈኑ።

አሠራሩን መመልከት ይጠቅማል። ፈላጊው በካሜራ ፊት ሲቆም በደረቱ ላይ ሰሌዳ ይይዛል። በሰሌዳው ላይ የራሱ ስም፣ የሚፈልገው ሰው ስም፣ የትውልድ ቦታቸውና የተለያዩበት ሁኔታ በትልልቅ ፊደል ይጻፋል። በሌላ ከተማ የሚኖር ሰው ይህን አይቶ ስልክ ሲደውል ወደዚያ ከተማ ስቱዲዮ ይጠራል፤ ሁለቱም በአንድ መስኮት ጎን ለጎን ይታያሉ። ከዚያ ጥያቄው ይጀመራል። የአባታችን ሥራ ምን ነበር? ከቤታችን ፊት ለፊት ምን ነበር? በልጅነትሽ የተቃጠልሽው በየትኛው ክንድሽ ላይ ነው? እንባው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ማስረጃ ነው፤ ያውም ተራ የሚመስል ማስረጃ።

በፊልሙም ዶክ ሱ በዚህ መንገድ ያልፋል። አባቱን አገኘሁ ብሎ ተስፋ ካደረገ በኋላ ሰውየው ሌላ ሆኖ ይገኛል። ከዚያም ማክ ሱን በአሜሪካ፣ በሎስ አንጀለስ፣ ትገኛለች። በጦርነቱ ጊዜ ወደ አሜሪካ ተወስዳ በማደጎ ያደገች ሴት ናት። የሚለያትም በልቧ የቀሩት ጥቂት የልጅነት ምልክቶች ናቸው። የአገሯ ቋንቋ ጠፍቶባታል፤ ወንድምና እኅት ደም አንድ ሲያደርጋቸው ቋንቋ ይለያያቸዋል። በሸራው ፊት የተቀመጠው ተመልካች ከሁሉ ይልቅ የሚያነባው በዚህ ስፍራ ነው።

ለመዛግብት ሙያ ግን ከዚህ የሚቀጥል ሌላ ታሪክ አለ። ድርጅቱ ያን ሁሉ ወረቀትና ቴፕ አልጣለም። 463 ዋና የቪዲዮ ቴፖች፣ የአዘጋጁ ማስታወሻ፣ በተሳታፊዎች እጅ የተጻፉ ማመልከቻዎች፣ የዕለት የዝግጅት ቅደም ተከተሎችና ፎቶግራፎች፣ በጠቅላላው 20,522 ቅርሶች ተጠብቀው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ትዝታ መዝገብ ላይ ተመዘገቡ። በዚያ ክምችት ውስጥ ያልተገናኙት ሰዎች ማመልከቻም አለ። ቁጥሩን ያስተዋለ እንደሚያየው፣ ከቀረበው ማመልከቻ ወደ ግንኙነት የደረሰው ከ10 አንዱ ያህል ነው። የበዓል ፊልም የሚያሳየው ያንን አንዱን ነው። የመዝገብ ቤት ግዴታ ግን ዘጠኙንም መጠበቅ ነው።

መገናኘት የነገሩ ፍጻሜ ስላለመሆኑ

ከዚያው የ1983 ስርጭት የተነሣ ሌላ ፊልም አለ። ታላቁ የኮርያ ፊልም አዘጋጅ ኢም ክዎን ቴክ በ1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. «ጊልሶትም» የተባለውን ፊልም ሠሩ። በዚህ ፊልም አንዲት ባለትዳር ሴት በጦርነት የጠፋባትን ልጇን ትፈልጋለች። ልጁ ሊሆን የሚችል ሰው ይገኛል፤ ነገር ግን ኑሮ ያከረረው፣ ጠባዩ የሻከረ ጎልማሳ ነው። የሐኪም ምርመራው ልጅነቱን የሚደግፍ ቢሆንም፣ እናትየዋ ልትቀበለው ሳትችል ትቀራለች። ሠላሳ ዓመት ያሳደገው ችጋር በመካከላቸው ይቆማል።

ሁለቱ ፊልሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ እውነቱ ሙሉ ይሆናል። አንዱ የሰው ልብ የሚመኘውን ያሳያል፤ ሌላው ምኞቱ ሲሞላ የሚጠይቀውን ዋጋ ያሳያል። ለጠፋው ሰው ስም ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ በመካከል የጠፋውን ዘመን ማግኘት ግን አይቻልም። ስለዚህ መዝገብ የሚያገለግለው ሰዎችን ለማስተቃቀፍ ብቻ አይደለም። ሰው ከወዴት እንደ መጣ የማወቅ መብት አለው፤ ካወቀ በኋላ መቅረብም ሆነ መራቅ የራሱ ምርጫ ነው። መዝገቡ ከሌለ ግን ምርጫውም የለም።

የበዓሉን ፊልም ከተራ የእንባ ፊልም የሚለየውም አጨራረሱ ነው። ማክ ሱን ተገኝታለች፤ አባትዮው ግን አይገኝም። በመጨረሻ ሽማግሌው ዶክ ሱ ሱቁ እንዲሸጥ ለሚስቱ ይነግራታል፤ አባቱ ከእንግዲህ ሊመጣ የማይችልበት ዕድሜ ላይ መድረሱን ተቀብሏል። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ በአንደኛው ክፍል ተሰብስበው ሲሳሳቁ፣ እርሱ በሌላው ክፍል ብቻውን በአባቱ ፎቶግራፍ ፊት ተቀምጦ ቃሉን መፈጸሙን ይናገራል፤ እጅግ እንደ ደከመም ያለቅሳል። የሳቁና የለቅሶው ክፍሎች ጎን ለጎን ይታያሉ። በመካከላቸው ያለው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው።

ይህ የዶክ ሱ ብቻ ዕጣ አይደለም። ሰሜንና ደቡብ ኮርያ የመጀመሪያውን የቤተ ሰብ ጉብኝት የተለዋወጡት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1985 ሲሆን፣ ከ2000 እስከ ኦገስት 2018 ድረስ 21 የመገናኛ ዙሮች ተደርገዋል። ከ2018 በኋላ ግን እንዲህ ያለ ስብሰባ አልተደረገም። በደቡብ በኩል ዘመዱን ለማግኘት የተመዘገበው ሰው ከ130,000 በላይ ሲሆን፣ ከእነዚህ የሚበዙት ሳያገኙ ሞተዋል። በበዓል ቀን ወደ ድንበር አቅራቢያ ሄደው ወደ ሰሜን ፊታቸውን መልሰው ለወላጆቻቸው የሚሰግዱ ሽማግሌዎች፣ ሱቁን ያልሸጡ ዶክ ሱዎች ናቸው።

መዝገብ ግድግዳ ሲሆን

እስካሁን መዝገብ እንደ ድልድይ ተነግሯል። ዳሩ ግን መዝገብ ግድግዳም ሊሆን ይችላል። ከጦርነቱ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት እጅግ ብዙ የኮርያ ሕፃናት በማደጎ ወደ ውጭ አገር ተልከዋል። የአገሪቱ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በማርች 2025 በሰጠው መግለጫ፣ ወላጅ ያላቸው ልጆች ወላጅ አልባ ተብለው መመዝገባቸውን፣ ማንነታቸው የተለወጠ ልጆችም መኖራቸውን አረጋግጦ፣ መንግሥት በቁጥጥሩ ጉድለት ኃላፊ መሆኑን አስታውቋል። እነዚህ ሰዎች አድገው ወደ ትውልድ አገራቸው ሲመለሱ በሩን የሚዘጋባቸው የመዝገብ መጥፋት አይደለም። መዝገቡ አለ፤ ማኅተምም አለው፤ የሚናገረው ግን እውነት አይደለም።

ከዚህ የሚከተለው ትምህርት ለባለሙያ ከባድ ነው። የጠፋ መዝገብ ሰውን በጨለማ ይተወዋል፤ የሐሰት መዝገብ ግን በተሳሳተ መንገድ ይልከዋል። በጨለማ ያለ ሰው መፈለጉን ይቀጥላል፤ «ወላጆችህ ሞተዋል» የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት የተሰጠው ግን መፈለጉን ያቆማል። እናቱ በሕይወት ሆና በዓል በመጣ ቁጥር ስሙን እያነሣች ሊሆን ይችላል።

ነገሩ ወደ አገር ቤት ሲመለስ

የዶክ ሱ ገበያ ለኢትዮጵያ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. መጨረሻ ከመርከብ የወረደው በዚያችው በቡሳን ወደብ ነው። የኢትዮጵያ ወታደሮች በዚያ ጦርነት ከተዋጉት ሌላ፣ ወላጆቻቸውን ያጡ የኮርያ ሕፃናትን ሰብስበው እንደ ረዱ በሁለቱም አገሮች የሚታወስ ነው። ከእነዚያ ሕፃናት አንዳንዶቹ የማክ ሱን ዕድሜ እኩያ ነበሩ።

ከዚያም የቀረበ ነገር አለ። በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል በ1990 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ባልና ሚስትን፣ ወላጅንና ልጅን ለ20 ዓመታት ያህል ለያይቶ ነበር። ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. የመንገደኞች አውሮፕላን ወደ አሥመራ እንደገና ሲበርር፣ ቀጥሎም መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በዕንቁጣጣሽ ዕለት፣ የዛላምበሳና የቡሬ መተላለፊያዎች ሲከፈቱ፣ ሕዝቡ በየቤቱ በቴሌቪዥን ያየው የማንም ፊልም ሠሪ ሥራ ያልሆነ የበዓል ፊልም ነበር። ሰዎች መሬት ስመዋል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን አቅፎ አልቅሷል። ዓመቱ ሳያልቅ መተላለፊያዎቹ እንደገና ተዘጉ። በእነዚያ ጥቂት ወራት ውስጥ የተገናኙት ተገናኙ፤ አድራሻ የተለዋወጡት ተለዋወጡ፤ ያልደረሱትም ቀሩ።

በኢትዮጵያ የጠፋን ሰው ለመፈለግ ያለው ሀብት ምንድን ነው? በጋዜጣና በራዲዮ የሚነገረው «አፋልጉኝ» አለ። የቀይ መስቀል የማፈላለግ አገልግሎት አለ። ከእነዚህ በፊት ግን የስም ሥርዓቱ ራሱ ሀብት ነው። ሴት ልጅ ብታገባም የአባቷን ስም አትለቅም፤ ስለዚህ በብዙ አገሮች ፈላጊን የሚያደናግረው የትዳር ስም በዚህ አገር ችግር አይሆንም። በሌላ በኩል ግን ቤተ ሰብን በሙሉ የሚያያይዝ አንድ ስም የለም፤ የአያት ስም ካልተጻፈ የወንድማማቾች ልጆች በወረቀት ላይ ባዕዳን ናቸው። የክርስትና ስምና የቤት ስም ይለያያሉ። አንዱ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አምስት ዓይነት ይሆናል። የልደትን፣ የሞትን፣ የጋብቻንና የፍቺን ምዝገባ የሚያዝዘው አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደው ትውልድ የሚበዛው በሰው ትዝታ ብቻ የተመዘገበ ነው። ትዝታው የመንደሩ ወንዝ ነው፣ ደብሩ ነው፣ መስጊዱ ነው፣ የገበያው ቀን ነው።

በማደጎ ወደ ውጭ የሄዱትም አሉ። ኢትዮጵያ ልጆችን ለውጭ አገር ዜጎች በማደጎ መስጠትን በጥር ወር 2010 ዓ.ም. በሕግ አስቀርታለች። ከዚያ በፊት ግን በሺሕ የሚቆጠሩ ሕፃናት ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ሄደዋል። እነዚህ ልጆች ዛሬ ወጣቶችና ጎልማሶች ናቸው። እንደ ማክ ሱን ቋንቋቸው ጠፍቶባቸዋል፤ እንደ ማክ ሱን አንዳንድ ምልክት ይዘዋል። አንድ ቀን ወደ አዲስ አበባ መጥተው «ፋይሌ የት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጆቹን ያሳደጉት ቤቶችና ያስተላለፉት ድርጅቶች ሥራቸውን ባቆሙ ጊዜ ፋይሎቻቸው በማን እጅ ገቡ? በመደርደሪያ ላይ ናቸው፣ ወይስ በአንድ መጋዘን ጥግ እርጥበት እየበላቸው ነው? በውስጣቸውስ የወላጅ ስም እንደ ተነገረ ተጽፏል፣ ወይስ ጉዳዩን እንዲያፋጥን ተደርጎ?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ መስጠት የሚችለው ከዚህ ሙያ ውጭ ያለ ሰው አይደለም። ሥራውም ግልጽ ነው። የተዘጋ ድርጅት ፋይል ሳይበተን በሕጋዊ ርክክብ ወደ ቤተ መዛግብት ይግባ። ስም ሲጻፍ እስከ አያት ይጻፍ፤ ሁለተኛ ስምም ካለ ከጎኑ ይጻፍ። የትውልድ ቦታ ሲሞላ የወረዳው ስም ብቻ አይበቃም፤ ወረዳ ይከፈላል፣ ስሙም ይለወጣል፤ ወንዙና ደብሩ ወይም መስጊዱ ግን ባሉበት ይቆያሉ። ያልታወቀው ነገር «አልታወቀም» ተብሎ ይጻፍ እንጂ በግምት አይሞላ። የራዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም የ«አፋልጉኝ» ማስታወቂያዎቻቸውን አሰራጭተው ከመጣል ይልቅ፣ ኬ.ቢ.ኤስ. እንዳደረገው ይጠብቁ። እያንዳንዱ ማስታወቂያ የአንድ ሰው ያልተሸጠ ሱቅ ነውና።

ክቡራንና ክቡራት፤

ዶክ ሱ የታላቅ ሰው ሥራ አልሠራም። በአንድ ገበያ ውስጥ አንድ ሱቅ ስሙን ሳይለውጥ ከፍቶ ጠበቀ። አባቱ አልመጣም። ይህም ሆኖ ጥበቃው ከንቱ ነበር ማለት አይቻልም፤ የሚመጣውን አስቀድሞ ማወቅ ለጠባቂ አልተሰጠውምና። በሚመጣው ዓመት በአንዱ ቀን አንድ ሰው የደበዘዘ ፎቶግራፍ ይዞ፣ የማያውቀውን ቋንቋ በጭንቅ እየተናገረ፣ ከአንድ መዝገብ ቤት መስኮት ፊት ይቆማል። በዚያ ሰዓት ከመስኮቱ ወዲህ የተቀመጠው ባለሙያ የሚዘረጋው ፋይል እንዲኖረው የሚያስፈልገው ሥራ፣ ዛሬ በመደርደሪያው ፊት የሚሠራው ነው።